ለሌዘር «ትሆኛለሽ» ያሉኝን ልመን ወይስ «ቆዪ» ያሉኝን?

መነሻ ጽሑፍ

በአሥር ቀን ልዩነት ሁለት የዓይን ሐኪሞች መረመሩኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ለላሲክ፣ መነጽር ለሚያስጥለው የሌዘር የዓይን ሕክምና፣ ተስማሚ መሆኔን ነግረውኝ ቀን ቁረጪ አሉኝ። ሁለተኛዋ ከሁለት ሰዓት በላይ አቆዩኝ። አገጬን ሦስት መሣሪያ ላይ አስደግፈው አዩኝ፣ ከታችኛው የዓይኔ ቆብ ሥር ቀጭን ወረቀት ሰክተው የዕንባዬን መጠን ለኩ፣ ብሌኔን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመሩ፤ በመጨረሻም አሁን አይሆንም ብለው አሰናበቱኝ። ዕድሜዬ 26 ነው። ከ12 ዓመቴ ጀምሮ መነጽሬን ካወለቅኩ ከስንዝር ያለፈው ነገር ሁሉ ጭጋግ ነው። ያው ዓይን በአሥር ቀን ውስጥ እንዴት ይሆናልም አይሆንምም ይባላል? ማንን ልመን?

ምላሾቹ

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያ ላይ የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ የተባለውን በየቁጥሩ እተርካለሁ። መካከሉ ላይ ስለ ተርኪ (ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ) ሥጋ የሚያወራን የምላሾች ክር ሙሉውን አንብቡ ማለት ጭካኔ ነው።

1ኛው ምላሽ ትሑት ነበር፤ «እርስዎ» እያለ የሚጽፍ ሰው ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ላሲክ ተሠርቶ በማግሥቱ ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ የግድግዳውን ሰዓት እንዳነበበ፣ ከዚያ ወዲህም መነጽሩን ፍለጋ ኮመዲኖ ዳብሶ እንደማያውቅ ጻፈ። ወደ መጀመሪያው ሐኪም እንድመለስ መከረኝ። 2ኛዋ ሙሉ በሙሉ ተስማማች። በሰዓቱ ፈንታ የጣሪያ ስንጥቅ ገባበት እንጂ ታሪኳም ያው ነበር።

3ኛው ሁለቱም ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰ። ለብዙ ዓመታት ዓይን ሲመረምር የኖረ ጡረተኛ መሆኑን ከገለጸ በኋላ፣ የሰው ደስታ ስለ ሰውየው ዓይን እንጂ ስለ እኔ ዓይን የሚነግረኝ ነገር እንደሌለ አስታወሰኝ። ከዚያ ጥያቄዎቹን ደረደረ። የመነጽሬ ኃይል ባለፈው ዓመት ምን ያህል ተለወጠ? ኮንታክት ሌንስ አደርጋለሁ ወይ፣ ካደረግኩስ ከምርመራው ስንት ቀን አስቀድሜ አወለቅኩት? የኮርኒያዬ፣ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ መስኮት፣ ውፍረት ስንት ነው? የቅርጹ ካርታ ምን ይመስላል? ዕንባዬስ? ይህን ሳያውቅ ትሆኛለሽም አትሆኝምም የሚለኝን ሁሉ እንዳልሰማ አስጠነቀቀ፤ ራሱንም ጨምሮ።

4ኛው የእኔ ነው። ሁለተኛዋ ሐኪም የሰጡኝን ወረቀት ገለበጥኩ። ቀኝ ዓይኔ ኔጋቲቭ 6 ነው፣ አስቲግማቲዝሙ (ጉብጥናው በየአቅጣጫው እኩል አለመሆኑ) 1.25። ኮርኒያዬ በሳሳው ቦታ 508 ማይክሮን። መነጽሬ ባለፈው ዓመት 0.75 ጨምሯል። የዕንባው ልክ ደህና ነው። ካርታው ላይ የታችኛው ክፍል ከላይኛው ይበልጥ እንደሚጎብጥ ተጽፏል። ኮንታክት ሌንሴን ያወለቅኩት ደግሞ ለሁለቱም ምርመራ በዋዜማው ምሽት ነበር። ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ ትንሽ አፈርኩ።

5ኛው መሐንዲስ ነኝ ብሎ ገባና ሒሳቡን ሠራልን። በላሲክ መጀመሪያ 110 ማይክሮን ያህል ውፍረት ያለው ስስ ክዳን ከኮርኒያው ላይ ተቆርጦ ይገለጣል፤ ሌዘሩ ከሥሩ ያለውን ይልጋል፤ ክዳኑ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ዳዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ) 12 ማይክሮን ቢላግ ለእኔ ስድስት 72 ይሆናል። ከ508 ላይ 110 እና 72 ሲነሳ 326 ይቀራል። ከክዳኑ ሥር ሳይነካ እንዲቀር የሚፈለገው ትንሹ ልክ 250 ስለሆነ 76 ማይክሮን ትርፍ አለኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ደመደመ። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን ለማያውቅ አንባቢ ደስታው ሰፊ ይመስላል።

6ኛው በጨዋነት አረመው። 12 የሚለው ቁጥር የሚሠራው የሚላገው ክብ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ብቻ ነው። ክቡ ሲሰፋ ጥልቀቱ በስፋቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ለ6.5 ሚሊ ሜትር በዳዮፕተር 14 ይሆናል። ክቡን ማስፋት ደግሞ ቅንጦት አይደለም። ብሌን በጨለማ ይከፈታል፤ ከተላገው ክብ አልፎ ከሰፋ ማታ የመኪና መብራት ዙሪያውን ቀለበት ይሠራል። ስለዚህ የሚቀረኝ 314 ነው አለ።

7ኛው ላይ ቁጥር እንጂ ሰላምታ እንኳን የለም። አስቲግማቲዝሙ ተረስቷል፤ እሱም ሥጋ ይበላል። ስድስት ላይ 1.25 ሲደመር 7.25፣ በ14 ሲባዛ ከ101 በላይ። የሚቀረው 297 ገደማ። ክዳኑና የሚላገው አንድ ላይ 211 ማይክሮን ናቸው፤ ይህም ከጠቅላላው ውፍረት 41 በመቶ ያልፋል፣ ብዙ ሐኪሞች ደግሞ 40 ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ምላሽ ይህ ነው። በሦስት ሰው እጅ ያው ዓይን ከሰፊ ትርፍ ወደ ገደል አፋፍ መጣ፤ ዓይኔ ግን ቅንጣት አልተለወጠም።

8ኛው ምላሽ የመሐንዲሱ ቁጣ ነው። 297 አሁንም ከ250 ይበልጣል፣ ቀሪው ፍርሃት እንጂ ሳይንስ አይደለም አለ። ድምፁ እዚህ ላይ ከፍ ማለት ጀመረ።

9ኛው ላይ ጡረተኛው ተመለሰ። የክሩ ረጅሙ ምላሽ ነው፤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 250 ግድግዳ አይደለም፣ ከዚህ በታች አትውረዱ የሚል ምልክት ነው እንጂ ከዚህ በላይ ሁሉ ደህና ነው የሚል ዋስትና የለውም፤ ብዙዎች 300 እንዲቀር ይፈልጋሉ። ውፍረቱ ግን የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው አለ። ኬራቶኮነስ የሚባል በሽታ አለ፤ ኮርኒያው እየሳሳ በዓይን ውስጣዊ ግፊት ወደ ፊት እንደ ሾጣጣ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ይጀምራል፤ በመነሻው ሰውየው በመነጽር አጥርቶ ስለሚያይ አይታወቀውም። እንዲህ ያለ ኮርኒያ ላይ ሌዘር ማሳረፍ የደከመን ምሰሶ እንደ መጥረብ ነው። ስለዚህ ወፍራም ኮርኒያ ያለው ሰው በካርታው ምክንያት ሊመለስ ይችላል፤ ስስ ኮርኒያ ያለው ግን ካርታው ንጹሕ ከሆነ ሌላ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። የፊተኛውን ገጽ ብቻ የሚያሳይ ካርታም አይበቃም፤ በሽታው ቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ በኋለኛው ገጽ ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ገጽ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወደ እኔ ወረቀት መጣ። የታችኛው ክፍል መጎበጥ የጀማሪ ኬራቶኮነስ መልክ ነው። ሌንስ ሲጫነው የቆየ ጤነኛ ኮርኒያም ይህንኑ መልክ ሊይዝ ይችላል። አንዱ ከባድ ነገር ነው፣ ሌላው ምንም አይደለም። በዚያን ቀን ሁለቱን ለይቶ የሚነግር ሐኪም ስለሌለ ሁለተኛዋ አሁን አይሆንም ማለታቸው ፍርድ ሳይሆን ቀጠሮ ነው አለ። እኔ ግን ያን ቀን የሰማሁት እንደ ፍርድ ነበር፤ «አሁን» የምትለዋን ቃል ጆሮዬ አልያዛትም።

ከ10 እስከ 12 ያሉት ወደ ሰዋስው ገቡ። 10ኛዋ ብሌን የሚል ጥሩ ቃል እያለን ኮርኒያ ማለት ለምን አስፈለገ፣ ሰው ሁሉ የዓይን ብሌን ልገሳ አይደል ወይ የሚለው ብላ ተቆጣች። 11ኛው ብሌን መሐል ላይ ያለው ጥቁር ቀዳዳ ነው፣ ኮርኒያ ከፊቱ ያለው ጥርት ያለ መስኮት ነው፣ የሚለገሰውም መስኮቱ ነው አለ። 12ኛው እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ የሚለው አነጋገር መስኮቱን ነው ቀዳዳውን የሚለውን ለአራት አንቀጽ መረመረ። እኔ ከ11ኛው ጋር ነኝ፤ ቀዳዳ አይላግም።

13ኛዋ ክሩን መልሳ አቀናችው። ወንድሟ ኬራቶኮነስ አለበት። እሷ በ23 ዓመቷ ለላሲክ ስትመረመር ከለከሏት፤ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ እንዳለቀሰችና ሐኪሙን በልቧ እንደረገመች አልደበቀችም። ከአራት ዓመት በኋላ የእሷም በሽታ ግልጽ ሆነ። የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ እየተደረገበት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያውን በሚያጠነክረው ሕክምና እንዲቆም ተደረገላት፤ አሁን የምታየው በጠንካራ ሌንስ ነው። ያን ጊዜ ቢላግ ኖሮ ብላ አልቀጠለችም። እኔን የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ነው፤ በቤተሰብ መነጽሩ ቶሎ ቶሎ የሚቀየርበት ሰው አለ ወይ? ዓይንሽን ታሺያለሽ ወይ?

14ኛው የእኔ ኑዛዜ ነው። አሻለሁ። ጠዋት ጠዋት በጣቶቼ መገጣጠሚያ፣ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ። የመጀመሪያው ሐኪም አልጠየቁኝም። ሁለተኛዋ ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን የምፈልገውን መልስ እንዳላጣ ፈርቼ አልፎ አልፎ ብዬ ዋሸሁ። 13ኛዋ ስትጠይቀኝ መዋሸት አልቻልኩም።

15ኛው ስለ ሌንስ ጻፈ። ለስላሳው ከምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ አየር የሚያሳልፈው ጠንካራው ሦስት፣ የድሮው ደረቁ አራት ሳምንት መውለቅ አለበት፤ ካርታው አልረጋ ካለም ከዚያ በላይ። እሱ ሌንሱን አድርጎ እንደሚተኛ ደብቆ ተለካ። ጥርጣሬ የገባቸው ሐኪም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲደግሙት ልኩ በግማሽ ዳዮፕተር ተለወጠ፣ የአስቲግማቲዝሙ አቅጣጫም ዞረ። በመጀመሪያው ቁጥር ተሠርቶ ቢሆን የሌንሱን ቅርጽ ዕድሜ ልኩን ዓይኑ ላይ ይዞ ሊኖር ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጨዋነቱ አልጠፋም ነበር። 16ኛው ግን በቀጥታ 1ኛው ላይ ዘመተ፤ ሕልም ሻጭ አለው። የእሱ ላሲክ በሠንጠረዡ ሲለካ የተሳካ ነው፤ የመጨረሻውን መስመር ያነባል። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰዓቱ ሰው ሠራሽ ዕንባ ሳይጨምር ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ አይችልም፤ ነፋስ ሲመታው ዓይኑ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለዋል። ክዳኑ ሲቆረጥ ኮርኒያው ደርቋል ብለው ለዕንባ ዕጢ የሚያስታውቁት ነርቮችም አብረው ይቆረጣሉ። የብዙ ሰው በወራት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል፤ የእሱ አልተሻለውም። ቁልፉ ያለው ግን ወደ መጨረሻው በጻፈው ነው፤ ላሲክ የፈለገበት ምክንያት ራሱ ዓይኑ ስለሚደርቅ ሌንስ አልቻል ስላለው ነበር። ያን ጊዜ የዕንባ መለኪያ ወረቀት የሰካለት የለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያስጠናውንና በ2017 የታተመውን ጥናት ጠቅሶ፣ ከሕክምናው በፊት ምንም የድርቀት ስሜት ካልነበራቸው ተሳታፊዎች እስከ 30 በመቶው በሦስተኛው ወር ድርቀት እንደ ተሰማቸው አስታወሰ።

17ኛው ላይ 1ኛው ሰው «እርስዎ»ን ጣለ። አንተ እያለ፣ ምንም እንዳልሸጠ፣ የሰው ደስታ ለምን እንደሚያንገበግበው 16ኛውን ጠየቀ። 18ኛው ምን እንዳነበበ ሳይገባኝ ሁለቱንም ሰደበ። 19ኛዋ ያንኑ ጥናት አንብባ መጣች፤ ከተሳታፊዎቹ ከ95 በመቶ በላይ በእይታቸው ረክተዋል፣ በዚያው ላይ አስቀድሞ ምንም የእይታ እንከን ካልነበራቸው እስከ 46 በመቶ የሚሆኑት በሦስተኛው ወር እንደ መብራት ቀለበትና ጮራ ያለ ቢያንስ አንድ አዲስ ነገር አይተዋል፣ በዚህ ምክንያት የዕለት ሥራው በብርቱ የተቸገረ ግን ከአንድ በመቶ በታች ነው አለች። ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም፤ ሰው መብራት ላይ ቀለበት እያየ መነጽሬን ስለጣልኩ ተመስገን ሊል ይችላል። እኔን ያሳሰበኝ 16ኛው ከጥቂቶቹ አንዱ መሆኑ አይደለም። አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል የነበረ መሆኑ ነው።

20ኛው 46 ዓመት የሞላው መምህር ነው። ኔጋቲቭ 3 በነበረበት ዘመን ደቃቅ ጽሑፍ ሲያጋጥመው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ያነብ ነበር። አሁን በሌዘር ከታከመ ወዲህ ሩቁን ጥርት አድርጎ ያያል፣ የተማሪ ወረቀት ለማረም ግን መነጽር ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል። ከ40 በኋላ የሚደነድነው ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ነው፤ ሌዘሩ የሚነካው ከፊት ያለውን ኮርኒያ ብቻ ነው። በእሱ ዕድሜ የሚያስብ ሰው አንዱን ዓይን ለሩቅ፣ አንዱን ለቅርብ አድርጎ በኮንታክት ሌንስ ጥቂት ቀናት እንዲሞክር መከረ። ተሠርቶ ከመጸጸት አስቀድሞ መሞከር ይሻላል ማለቱ ነው። 21ኛዋ የምታጠባ እናት ናት፤ ሆርሞን የመነጽሩን ልክም ዕንባውንም ስለሚያወዛውዝ ጡት ካስጣለች በኋላ ወራት ቆይታ እንድትመጣ እንደ ተነገራት ጽፋ ሄደች።

22ኛው የተርኪው ነው። በ1981 የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ የነበሩት ስሪኒቫሳን ከአሜሪካውያን የምስጋና በዓል ማዕድ የተረፈ የተርኪ ሥጋ ወደ ቤተ ሙከራ ይዘው ሄደው የኤክሳይመር ሌዘር አሳረፉበት፤ በዙሪያው ያለውን ሳያቃጥል ንጹሕ አድርጎ ቆረጠው። ዛሬ ኮርኒያ የሚላገው በዚያ ዓይነት ሌዘር ነው። ስድስት ሰው ምልክት አድርጎ አደነቀው፤ ጥያቄዬን ያደነቀ ሁለት ነው። 23ኛው ካሮት ብዪ አለኝ።

24ኛው መውጫ ያገኘልኝ መስሎት ነበር። ክዳኑ የሚበላውን 110 ማይክሮን ለማዳን ክዳን የሌለው ፒ አር ኬ አለ፤ የላይኛው ስስ ቆዳ ይነሳል፣ ሌዘሩ ከላይ ይልጋል፣ ቆዳው በቀናት ውስጥ ራሱ ይተካል። ሕመሙ ጥቂት ቀናት ይቆያል፣ እይታውም ቀስ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ግን ከክዳኑ የሚተርፈው ብዙ ነው። 25ኛው ላይ ጡረተኛው ይህ እውነት የሚሆነው ኮርኒያው ስስ ሆኖ ቅርጹ ንጹሕ ለሆነ ሰው መሆኑን አስረዳ። የሚያጠራጥር ካርታ የመቁረጫው መንገድ ስለተለወጠ አይነጻም፤ ስማይል የሚባለው፣ በጠባብ ቀዳዳ የሚሠራው ሌላ የሌዘር ዘዴም እንደዚያው። ኮርኒያ የማይላግበት፣ ዓይን ውስጥ ተጨማሪ ሌንስ የሚቀመጥበት ሕክምናም አለ፤ እሱም ዓይን ውስጥ በቂ ቦታ ይፈልጋል፣ በአንድ ዓመት 0.75 የሚሮጥ መነጽርንም አይወድም።

26ኛው ሁሉንም ነገር በአንድ ምት ሊጨርሰው ሞከረ። የሌዘር መሣሪያ የገዛ ሁሉ ትሆኛለሽ ይላል፣ ያልገዛ አትሆኝም ይላል፣ ነገሩ ይኸው ነው። 27ኛው ላይ መለስኩለት፤ መሣሪያው ሁለቱም ጋ አለ። አሁን አይሆንም ያሉኝ ሐኪም ያን ቀን ደንበኛ አጥተዋል። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም።

28ኛው ላይ ማንም ያላነሳውን አንዲት ሴት አነሳች። ጠብታውን የጨመሩብሽ ብሌንሽን ለመለካት ብቻ አይደለም አለችኝ። ኔጋቲቭ 6 ማለት ከልኩ የረዘመ ዓይን ማለት ነው፤ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲና፣ ይወጠራል፣ ይሳሳል፣ የመቀደድና የመላቀቅ አደጋውም ይጨምራል። ሌዘሩ መነጽሩን ያስጥላል እንጂ ዓይኑን አያሳጥርም፤ ስለዚህ ከሕክምናው በኋላም ድንገት የብርሃን ብልጭታ ወይም የጥቁር ነጠብጣብ መንጋ ያየ ሰው ድኛለሁ ብሎ መቀመጥ የለበትም። በዚያው ላይ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ የተወሰዱትን ልኮች በወረቀት ይዤ እንድቆይ መከረችኝ፤ እርጅና ላይ የዓይን ሞራ ሲወጣ የሚተካውን ሌንስ ልክ የሚያሰሉ ሐኪሞች ይፈልጓቸዋል። የእሷ አባት ወረቀቱ ጠፍቶባቸው ብዙ ተንገላተዋል።

29ኛው የእኔ ነው፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ። ሌንሴን ስድስት ሳምንት ሙሉ ሳላደርግ ቆይቼ ወደ ሁለተኛዋ ሐኪም ተመለስኩ። ከመቀመጤ በፊት ዓይኔን ስለማሸቱ የዋሸሁትን ነገርኳቸው፤ ሳቁና ማሳከኩን የሚያስታግስ ጠብታ ጻፉልኝ። የካርታው የታችኛው ጉብጥና ቀንሷል፣ አልጠፋም። አስቲግማቲዝሙ ከ1.25 ወደ 1 ወርዷል። ውፍረቱ ሁለት ማይክሮን እንኳን አልተለወጠም። በስድስት ወር፣ ከዚያም በዓመቱ ካርታው እንዲደገም፣ የመነጽሩም ለውጥ በዓመት ከግማሽ ዳዮፕተር አለማለፉ እንዲታይ ወስነዋል። ትሆኛለሽ አላሉኝም። የመጀመሪያው ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ደውሎ ቀን እንድቆርጥ አስታውሶኛል።

መሐንዲሱ ከ29ኛው ሥር አዲሱን አስቲግማቲዝም አስገብቶ ሒሳቡን በ14 ደገመው፤ ቀሪው 300 መጣ። ምንም አስተያየት አላከለበትም። ቀጥሎ 31ኛው አንድም ምላሽ ሳያነብ ገባ። ኔጋቲቭ 4 ነው፣ 21 ዓመቱ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ተስማሚ ነህ ተብሏል፣ ሐሙስ ሊሠራ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ የሚለው ሰው ይፈልጋል። ሌንሱን መቼ እንዳወለቀ ጠየቅኩት። ትናንት ማታ አለ።